ተራ ቁጥር ሠላሳ ስምንት

«ደርድሪው» አሉኝ ዝርዝሩን፣ ከድሮው እስከ ዘንድሮ፣
የዶክተር ኦሌና ሃሪሹክን የሠላሳ ዓመት ኑሮ፣
መቶ ዐሥራ ሁለት ጽሑፍ፣ በዐሥራ አራት ገጽ ታጥሮ።
ጡረታ ልትወጣ ነው፤ ኮሚቴው ሊሸልማት
ለዓርብ ይፈልገዋል፣ ሳያልፍ ዘጠኝ ሰዓት።
ሳስካቱን ጥር ላይ ናት፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት ወርዳ፣
ወንዙ እንፋሎት ይተፋል በበረዶው ቀዳዳ።

አንድ፦ «የጉበት ጠባሳ፣ በነጭ አይጥ የታየ»፤
ዘጠኝ፦ «ሐሞት በቱቦው ውስጥ ስለምን ዘገየ»፤
ሃያ ሁለት፦ «የአንጀት ቁስል፣ ሰባት ዓመት የቆየ»።
በእንግሊዝኛ ነው የማነበው፤ ሆዴ ግን ይተረጉማል፦
ሐሞት ሲባል ወኔ፣ አንጀት ሲባል እዝነት ይሰማል።
አንድ ቀን ነገርኳት፦ «እኛ ዘንድ የፈሪ ሐሞቱ ይፈስሳል፣
አንጀት ይላወሳል፤ ሆድ፣ ሰፊ ከሆነ፣ ሁሉን ይታገሣል።»
መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ «ጉበትስ?» አለች።
ለጉበት ተረት አጣሁ።
«ጥሬውን እንበላዋለን» አልኳት።
ስለ ትል ግማሽ ሰዓት አስተማረችኝ።

ሠላሳ ሰባት ስሟን የተከለ፣ ስንቱ የጠቀሰው፣
ለደነደነ ጉበት አዲስ ክኒን፣ የተሞከረ በሰው፤
አርባ አንድ ታካሚ ተመዘገበ፣ አርባው ተቆጠረ፤
አንዱ በግርጌ ማስታወሻ፦ «ክትትል አቋርጦ ቀረ»።

ደዋይዋ እኔ ነበርኩ፤ አዲስ ቅጥር፣ ስልክ የምፈራ፤
ዐሥራ አራቴ ደወልኩ ላ ሮንጅ፤ ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ።
ከዚያ «ጠፋ» የሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት አኖርኩ፣
ሄድኩ ወደ ሌላ ሥራ።

ታካሚ ዐሥራ ሰባት። ስሙን አልጽፍም፣ ደንብ ነው።
ዓሣ አጥማጅ። ዓይኑ የሎሚ ልጣጭ።
በሌሊት አውቶቡስ እየመጣ ደም ይሰጥ ነበር፤
መርፌው ሲገባ ጣሪያውን እያየ
ስለ ሐይቁ በረዶ ውፍረት ያወራል።

ጽሑፉ ከወጣ በስምንተኛው ወር
ኦሌና መኪናዋን አስነሥታ ወደ ሰሜን ነዳች፣
የአራት ሰዓት መንገድ፣ ጥድ፣ ጥድ፣ ጥድ።
የአውቶቡሱ መስመር ተዘግቶ ኖሯል።
ሰውየው አላቋረጠም፤ መንገዱ ነው ያቋረጠው።
እኅቱ ደብተር አወጣች፦
በግራ ያጠመደው ዓሣ፣ በቀኝ የዋጠው ክኒን፣
አንድ ቀን ሳይዘል፣ እስከ መጋቢት ሦስት።
ከመጋቢት ሦስት በታች ወረቀቱ ነጭ ነው።

ሠላሳ ስምንት ያቺ ናት። ሦስት መስመር። ርእሷ «እርማት»።
«አርባ የተባለው አርባ አንድ ይባል።
ሞት፣ ዜሮ የተባለው፣ አንድ።
ስሕተቱ የእኛ ነው።»
«የእኛ»። ደዋይዋ አልተጠራችም።

ኩባንያው ገንዘቡን አነሣ፤
ዝርዝሩ ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ይዘላል፣
ቤተ ሙከራው መብራት ያጠፋበት ክፍተት።

አሁን የኮሚቴው ጸሐፊ ይጽፍልኛል፦
«እርማት እንደ ሥራ አይቆጠርም፤ ሠላሳ ስምንትን አውጪ፣
መቶ ዐሥራ አንድም ያምራል፤ የታችኛውን ወደ ላይ አምጪ።»
ጣቴ መሰረዣው ላይ ነው። አይወርድም።
ብሰርዘው ያ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ይጠፋል፣
ሁለቱንም ጊዜ በእኔ ጣት።

ረፋድ ላይ ኦሌና ገባች፣ ጫማዋ በረዶ እያንጠባጠበ።
«ስንት ሆነ?»
«መቶ ዐሥራ ሁለት።»
«ከእርማቱ ጋር?»
«ከነእርማቱ።»
ጥቂት ቆመች፤ በመስኮቱ ወደ ወንዙ አየች፤
የመኪና ማቆሚያዋ ሰዓት ማለቁ ትዝ ሲላት
አንድ ጓንቷን ጠረጴዛዬ ላይ ረስታ ሮጠች።